«ልጄ» የተባለችው ፒካፕ

ያሳደጉኝ አጎቴ እኔን በስሜ፣ ፒካፓቸውን ግን «ልጄ» ብለው ነበር የሚጠሩት። ጠዋት ሞተሩ ተነስቶ ማቀዝቀዣው ቬንትሌተር መጮህ ሲጀምር ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ ብለው ያዳምጧታል።

«አጎቴ፣ ይቀየር እንጂ፤ መካነ ሰላም ከተማ በሙሉ እየሳቀብን ነው» ስላቸው «ተያት፣ ታውራ» ይሉኝና ወደ እሷ ዞረው «እድሜ ይስጥሽ ልጄ» ብለው ይመርቋታል። እኔ ምርቃቴን እየጠበቅሁ በር ላይ እቀራለሁ።

ሲያርፉም አስከሬናቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደችው እሷ ናት። ዳገቱን እየጮኸች ወጣች። ለቀስተኛው «መኪናዋ እንኳ አለቀሰችላቸው» እያለ እንባውን ጠረገ። ከኋላ ሆኜ ስጮህ የእኔን ድምፅ የሰማ የለም።

ዛሬ ቬንትሌተሩ ተቀይሮ ግቢው ጭር ብሏል። እሷም እንደ እኔ ዝም ብላ ቆማለች። «ልጄ» የተባለችው ግን አሁንም እሷ ናት።