ጉሬዛ መንገድ የዘጋችብን ጠዋት

ባለፈው ሐምሌ ከእንጅባራ ወደ አዘና በሚኒባስ ስጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት መስኮቱን ገርበብ ብታደርገው የረጠበ ቅጠልና የጉም ሽታ ገብቶ ፊቴን ዳበሰኝ፤ ሳላስበውም የአሥር ዓመት ልጅ አድርጎ ወደ አባባ የጭነት መኪና ጋቢና መለሰኝ።

አባባ ድንች የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ እንጅባራን እስኪሞት ድረስ በድሮ ስሟ ቆሰበር እያለ ነው የጠራት። ያን ዕለት ታላቅ እህቴን የሺን ለማትሪክ ፈተና ሊያደርሳት ከአዘና ወደ ቆሰበር ተነሳን፤ እኔ አልቅሼ ተከተልኳቸው፤ ከጎናችን ደግሞ የድንቹ ባለቤት አያ ደሴ፣ ዝም ማለት የማያውቅ ነጋዴ፣ ተጣቦ ተቀምጧል። ሌሊቱን በጣለው ዝናብ መንገዱ ጨቅይቶ ረፍዶብናል፤ የሺ እርሳሷን እየነከሰች የአባባን ሰዓት አሥር ጊዜ ታያለች።

ጫካው መሀል ኩርባውን እንዳለፍን አባባ ፍሬን ያዘ። መንገዱ ላይ ድመት የምታህል ነጭ ነገር ተኮራምታለች። ቀና ስንል ዛፉ በጉሬዛ ተሞልቷል፤ እናቲቱ ከታችኛው ቅርንጫፍ ሆና ትጮሃለች፣ መኪናውን ፈርታ ግን አትወርድም።

“ጉሬዛ ሲወለድ እንዲህ ነጭ ነው” አለን አባባ፣ ሞተሩን አጥፍቶ በሹክሹክታ።

“ኧረ ንዳው! ልጅቱ ፈተና አላት! ወይ ወርጄ ላንሳት” አለ አያ ደሴ የበሩን እጀታ ይዞ።

“ሰው ከነካት እናቷ ትሸሻለች፤ ተው” አለና አባባ ወደ እህቴ ዞረ። “የሺ፣ ፈተናው ያንቺ ነው። ንዳ ካልሽኝ በዳር በዳር አልፋለሁ።”

የሺ እርሳሷን ከአፏ አወጣች። “እንጠብቃት፣ አባባ።”

ጠበቅን። ከቅጠል የሚወርደው ጠብታ ይሰማል፤ አያ ደሴ እንኳ የበሩን እጀታ ለቋል። በመጨረሻ እናቲቱ ወረደች፤ አንዴ ገላመጠችን፣ ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ ረጅም ነጭ ጅራቷን አንዠርግጋ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ጉሙ ውስጥ ገባች። ከሁላችን ቀድሞ ያጨበጨበው አያ ደሴ ነበር።

ቆሰበር ስንደርስ የፈተናው በር ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ የሺ በጭቃ ጫማዋ ሮጣ ገባች። አለፈችም፤ ዛሬ የሒሳብ አስተማሪ ናት።

ያ ጫካ አሁን ተመንጥሯል፤ ለከሰል የሚተከል ቀጭን ዛፍ በሰልፍ ቆሞበታል። ጉሬዛ በዚያ መንገድ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። አባባም የለም። እሱን የሚያህል ሹፌር፣ እሱን የሚያስከነዳም ብዙ አይቻለሁ፤ የልጁ ዕጣ በደቂቃ ተንጠልጥሎ ሳለ ሞተር አጥፍቶ ለአንዲት እናት መንገድ የለቀቀ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም።