ወንዝ እንዳታሻግሪያት

ልጄ ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን አያለሁ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ እኔ ግን አልተውሁም። ያበደ እንስሳ የነከሰው ሰው ውሃ ይፈራል ይባላልና፣ እስክትውጥ ድረስ ልቤ ቆሞ ይጠብቃል።

ቤታችን ከጉና ሥር፣ በላይ ጋይንት በኩል ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከኛ ቤት በላይ ገብስ የሚዘራ ሰው አልነበረም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውጭ የተረሳ የቅል ውሃ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኝ ነበር። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ ላይ እያሳዩ ከዚያ ወዲያ ያለው የውርጭ ርስት ነው ይሉኝ ነበር። እዚያ ጓሳ ሣርና ሰው የሚያህለው የጅብራ ተክል ይበቅላል፤ ቀይ ቀበሮ ብቻዋን አይጥ ስታድን ትውላለች። ሰው አትነካም፣ እኛም አንነካትም።

ውርጩ እንዴት እንደሄደ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሲሄድ አላየሁትም። የቅሉ በረዶ መጀመሪያ ሳሳ፣ ኋላ ውሃው ውሃ እንደሆነ ያድር ጀመር። ሰዉ ይህን እያየ በየዓመቱ እርሻውን ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ገፋ። ባሌም ገፋ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ገብስ ነው። ጓሳው ሲታረስ አይጡ ገብስ ውስጥ ገባ፣ ቀበሮዋ አይጡን ተከትላ መጣች፣ ጭላዳ ዝንጀሮውም ከገደሉ እየወጣ እሸቱን ይነጭ ጀመር። ለጭላዳው ብለን ውሻችንን ወደ ላይ አወጣነው። ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያው አደረገ። ስሕተታችን ይኼ ነው። የውሻን በሽታ ወደ ቀበሮዎቹ አገር የወሰድነው እኛ እንደሆንን የሰማሁት ግን ከረፈደ ነው።

ልጄ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት መልስ ሄዳ ገብስ ትጠብቃለች። በታኅሣሥ አንድ ቀን ቀበሮዋ እየተንገዳገደች፣ ለሀጯ እየተዝረበረበ ከገብሱ ወጣች። ውሻው ገጠማት። ልጄ ውሻዬን ላስጥል ብላ መሀል ስትገባ ቀበሮዋ ክንዷን ነከሰቻት። ቀበሮዋ ብዙም አልራቀች፣ ወድቃ ሞተች። ውሻውን ባሌ ገደለው፤ ስለዚያ እስከ ዛሬ አውርቶ አያውቅም።

በመንደራችን ለእብድ ውሻ በሽታ ሥር የሚያጠጡ ሽማግሌ ነበሩ። ያኑ ዕለት አጠጧት። የመድኃኒቱ ሕግ አንድ ነው፤ የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል። ሕጉን ጥሶ ተሻግሮ እንደ ውሻ እየጮኸ ሞተ የተባለ ሰው ታሪክ በኛ አገር ያልሰማ የለም። እኔም ከናቴ ሰምቼዋለሁ።

በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ አጠበችው። ሥሩን አልነቀፈችም፤ ብቻ የበሽታው መከላከያ መርፌ ንፋስ መውጫ ከተማ እንዳለ፣ በሽታው አንዴ ከተነሣ ግን መርፌም ሥርም እንደማይመልሰው ነገረችኝ። ንፋስ መውጫ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው።

ባሌ እምቢ አለ። እኔ ተቀምጬ ተነሣሁ፣ ተቀምጬ ተነሣሁ። እንጀራ ቆርሼ አፌ ሳላደርስ አስቀምጠዋለሁ። ብትሻገር ትሞትብኛለች፣ ባትሻገር ትሞትብኛለች።

በሦስተኛው ቀን ባሌ አውድማ ሲወርድ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ወንዙ አፋፍ ስንደርስ ከኋላችን ዱላ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው፤ ባሌ ልኳቸው ይሁን ራሳቸው አይተውን አላወቅሁም። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ወንዝ እንዳታሻግሪያት፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ።

ዞሬ ወንዙን አየሁት። አጨዳ ከገባ ወዲህ ገበያ አልወረድሁም ነበር። ለሠርጌ ስመጣ ውሃው የበቅሎዋን ሆድ ነክቶ፣ እግሬን ሰቅዬ ነው የተሻገርሁ። አሁን ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። ከብት የሚጠጣበት ቦታ ጭቃው ተሰነጣጥቋል።

«አባቴ፣ ውሃ የሌለው ወንዝ ወንዝ ነው?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ፣ ድንጋዩን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ አንዱን ገልብጠው ሥሩን አዩ። ደረቅ ነው።

«እኔ የከለከልሁ ውሃ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ድንጋይ አልከለከልሁም። ሂጂ።»

ልጄ ሣቀች። «አባባ፣ እርስዎም ይሻገሩ እንጂ። የሚወስድዎ የለም» አለቻቸው።

እሳቸው አልሣቁም። «ይኼ ወንዝ ከእኔ በፊት ይሞታል አላልሁም ነበር» ብለው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ማዶ ወጥተን ዞር ስል እዚያው ነበሩ።

ዘመድ ቤት ተቀምጠን አሥራ አራት ቀን እምብርቷ ዙሪያ ተወጋች። ባሌ በሳምንቱ ስንቅ ይዞ መጣ። ይቆጣል ስል ጋቢውን አውልቆ ልጁን አለበሳትና፣ «አንቺስ እሺ፣ ወንዙ ምን በድየው ነው ከአንቺ ጋር የዶለተብኝ?» አለኝ።

ልጄ ዳነች። ያን ወንዝ ደርቆ በማግኘቴ ስለት አግብቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምን ብዬ እንዳመሰገንሁ ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም አላርፍም፤ የወንዝ መድረቅ ይመሰገንበታል? የላይኛውን መሬት ባሌ ተወው። ጓሳው ከዳር ከዳር እየተመለሰ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ምንጫችንም ርቋል። ልጄ አንድ ጄሪካን ይዛ እስክትመለስ ፀሐይ ታዘነብላለች። እንደገባች በጣሳ ቀድታ ትጠጣለች።

«እማ፣ አሁንም የምውጠውን ትቆጥሪያለሽ?» ትለኛለች።

እቆጥራለሁ። ስትጨርስ ደግሞ ጄሪካኑን አነሣ አድርጌ ስንት እንደቀረ አያለሁ።