መዶሻውን የመለሰው ግድግዳ

ሾፌሩን መጀመሪያ የመቱት በራሱ ገመድ ነው። ጭነት የሚያስርበትን ወፍራም ገመድ ከአይሱዙው ላይ ጎትተው አወረዱና ጀርባው ላይ አሳረፉበት። ቀና ሲል አንዱ በድንጋይ ግንባሩን ከፈተው። ይሄ ሁሉ የሆነው ቃሊቲ፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ዕቃው መቅለሉ ነው።

ሥራዬ አሮጌ ኮንቴይነር ነው። ከደረቅ ወደብ የተጣለውን እገዛለሁ፣ መስኮትና በር አስቆርጬ ሱቅ ለሚከፍት እሸጣለሁ። ገላን ኮንዶሚኒየምም ሆነ ኮዬ ፈጬ ዳቦና ሳሙና የምትገዛበት የብረት ሱቅ ከኔ ግቢ የወጣ ሊሆን ይችላል። ብረት በመዶሻ ነክቼ ድምፁን ብሰማ ስንት ዝናብ እንዳየ እነግርሃለሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት መሐንዲስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ኮምፖዚት ይለዋል። የፋይበር ጨርቅና ፕላስቲክ ተደራርቦ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ የተሠራ ግድግዳ ነው። ከብረት ይቀላል፣ ከብረት ይጠነክራል፣ አይዝግም፣ ቢሰበር እንኳ ቀልጦ እንደገና ይሠራል አለኝ።

«ይሄ ሁሉ ጠባይ ያለው ወንድ ቢገኝ አገባው ነበር» አልኩት።

«ይምቱትና ይዩት» ብሎ መዶሻ ሰጠኝ። ብረት እንደምመታው መታሁት። መዶሻው ተመልሶ በጆሮዬ ሥር ሽው ብሎ አለፈ።

«ቀስ ብለው ነው እትዬ፤ ይመልሳል» አለኝ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

ለሙከራ አንድ ሱቅ የሚሆን አዘዝኩት። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ ለየብቻ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሾፌሩና ዘበኛዬ እንደ ፍራሽ ይዘው አወረዱት፣ መሐንዲሱ በቡሎን አገጣጥሞ ሄደ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ቆሞ ነበር።

እኛ ሰፈር ደግሞ ከመኪና የሚወርድ ማንኛውም ነገር የጫኝና አውራጆቹ ነው። ሰባት ናቸው። አለቃቸውን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ኮንቴይነር ሲያወርድ ሰንሰለት በልቶበታል። ልጆቹን አስከትሎ ገባና አዲሱን ሱቅ ዞሮ አየው።

«ስንት ሰው አወረደው?»

«ሁለት።»

«ኮንቴይነር? በሁለት ሰው?»

«አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ተኩል በለው።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«እናትዬ፣ ይሄ ነገር ሰፈር ከገባ የኔ ልጆች ምን ያወርዳሉ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ፍራሽ» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው ገመዱ የወረደው። እኔን ሊመቱ ስላልቻሉ ሾፌሩን መቱት። ዘበኛው ፖሊስ ልጥራ ብለው ወጡ፤ የተመለሱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሾፌሩ ደም እየጋረደው ሮጦ አዲሱ ሱቅ ውስጥ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁና በሩን ቀረቀርኩት። የሱቅ በር ስለሆነ መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው።

«ሴት አልመታም» አለ አለቃው ከውጭ። «የምመታው ዕቃሽን ነው። ሾፌሩን ስጪኝና ልሂድ።»

«ቤተሰብ አለው።»

«እኛም አለን።»

ድንጋይ ዘነበብን። ብረት ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ይሄ እንደ ከበሮ ድም ድም ብቻ ነው የሚለው። በዲጅኖ ወጉት። ግድግዳው ሆዱን ወደኛ እየነፋ ይመለሳል። ሾፌሩ ቀሚሴን ጨምድዶ ይዟል። ከገቡ እንደሚገድሉት ሁለታችንም ገብቶናል፤ ከሥራ ጠብ አልፎ ሌላ ነገር ሆኗል።

«ይችላል እትዬ?»

«ብረት ቢሆን እነግርህ ነበር። ከዚህ ጋር ገና መተዋወቃችን ነው።»

ከዚያ አለቃው ትልቁን መዶሻ ሲጠይቅ ሰማሁ። «ዞር በሉ» አላቸው። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከብረት ጋር ነው፤ ብረት ስትመታው ይጎደጉዳል እንጂ አይመልስም። ልነግረው እችል ነበር። ግን አላማከረኝም።

ግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ገብቶ ተመለሰ። ከውጭ ሸንኮራ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ በሕፃን ድምፅ «አለቃ» አለ።

ከፈትኩት። አለቃው ተንበርክኳል። የታችኛው መንጋጋው ወደ ጎን ሄዷል፤ ባሉት ሦስት ጣቶች ጥርሱን አቅፏል። ደሙ እጁ ላይ አልቆመለትም። ሾፌሩን ዞሮ ያየ የለም።

በሩን ከማጠፊያው ነቅለን እሱን እላዩ ላይ አስተኛነው። አራቱ እንደ ብረት በር ጉልበታቸውን አሰባስበው ብድግ ቢያደርጉት፣ አለቃቸው ወደ ሰማይ ከመወርወር ለጥቂት ተረፈ። መኪና ያለው ሾፌሩ ብቻ ነው። አንድ ዓይኑን ደም ዘግቶበት፣ ሳሪስ አቦን በጥሩምባ እየሰነጠቀ አደረሰን።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ አለቃቸውን እንደ እንቁላል አወረዱት። አስገብተው ሁለቱ ተመለሱና ሾፌሩን ከጋቢና ጎትተው እንደገና ደበደቡት። ጫማዬን አውልቄ ያገኘሁትን ጭንቅላት መታሁ።

«አድርሶላችሁ?»

«ያ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው እትዬ» አለኝ አንደኛው፣ በትሕትና። ጥበቃዎቹ ገላገሉን።

አለቃው መንጋጋው በሽቦ ታስሮ የመጣው አንድ ቀን ጠዋት ነው። ሰላምታም አልሰጠኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደና በሦስት ጣቱ የመታበትን ቦታ ፈለገ። አንድ ብር ሳንቲም የምታህል ነጭ ነጥብ አለች።

«ይቺ ብቻ?» አለ፣ ጥርሱን ሳይከፍት።

«እሷ ብቻ።»

አውራ ጣቱን ነጥቧ ላይ አድርጎ ቆየ። ቢሰበርም ቀልጦ እንደገና ይሠራል አልኩት። መንጋጋውን ዳበሰ።

«ሌላ ሲመጣ ጥሪኝ።»

«ለሁለት ሰው ሥራ ሰባታችሁንም?»

«ሰባታችንንም።»

ሁለተኛው ጭነት በሌላ ሾፌር መጣ፤ የመጀመሪያው ቃሊቲ አልመጣም ብሏል። ጠራኋቸው። ሁለቱ አንዱን ግድግዳ ተሸክመው ገቡ። አምስቱ ደግሞ ዕቃው የሚወድቅ ይመስል፣ እጃቸውን ዘርግተው ከግራና ከቀኝ አብረው ሄዱ።