የጨዋታ ጥጋችን ስልክ

ጉለሌ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ለክፍሌ የጨዋታ ጥግ ላዘጋጅ ብዬ ወላጆችን "ቤታችሁ የማትፈልጉት ዕቃ ካለ አምጡልኝ" አልኳቸው። ባዶ ጣሳው፣ የእንጨት ማንኪያው፣ የተበላሸው ሞባይል መጣልኝ። ስለት ያለውንና የሚሰበረውን አወጣሁ። የቀረውን አጸዳድቼ በየዓይነቱ ለየሁና የልጆቹ እጅ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ በየቅርጫቱ አስቀመጥኩት።

ዳይሬክተሯ እትዬ አስቴር ግን አልወደዱትም።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆራሌው የሚለቅመው ነው! ዛሬውኑ አውጪልኝ" አሉኝ።

ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ሳስብ፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቀው ሰላም ከቅርጫቱ አንዱን ስልክ አንስታ ማውራት ጀመረች።

"ሃሎ! ሰላም ነኝ። ትልቅ ነው? ቀንድ አለው? እሺ፣ ትምህርት ቤታችን አምጣው። ጤና ጣቢያው ጎን ነው።"

እትዬ አስቴር አፋቸውን ይዘው ቀሩ። "ይቺ ልጅ እንዲህ ታወራለች እንዴ?"

"ዕቃው ነው ያናገራት" አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

በቃ፣ ሁሉም ባለበት ይቆይ ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የሰላም አባት እያለከለከ መጣ። ሸጎሌ በግ ነጋዴ ነው።

"ይቅርታ ቲቸር፣ ጠዋት ተጣድፌ የሚሠራውን ስልኬን፣ ድምፁን እንዳጠፋሁት ነው የሰጠሁሽ!"

ገና ሳልመልስለት የግቢው ዘበኛ በበሩ ብቅ አለ።

"ቲቸር፣ አንድ ሰውዬ በግ እየጎተተ መጥቷል። ወይዘሮ ሰላምን ጥሩልኝ ይላል።"