ኤልኩን ማን ይግደለው?

ዛሬ ጠዋት አውሮራ ከተማ፣ የጠመንጃ ሱቅ ውስጥ ከጀማል ጋር ተጣላን። ያጣላን ገና ያልሞተ ኤልክ ነው።

ኤልክ ለማታውቁት፣ እዚህ ተራራው ላይ የሚኖር፣ በሬ የሚያህል አጋዘን ነው። እኔና ጎረቤቴ ጀማል አንድ ጠመንጃ በጋራ ገዝተን ሥጋውን እኩል ልንካፈል ነበር ሐሳባችን።

ጀማል ከሁሉም ትልቁን ጥይት የሚተኩሰውን ማግነም መረጠ።

ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። "ከዚህ በፊት ተኩሰህ ታውቃለህ?" አሉት። ጀማል ኮርኒሱን አየ።

"እንግዲያው ይሄ አንዴ ትከሻህን ከመታህ፣ ከዚያ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትተኩሰው። ጥይቱ አነስ ያለው፣ ሰርቲ ኦት ሲክስ የሚባለው ይበቃሃል። ቦታውን ካገኘ ኤልክ ይጥላል።"

ተስማማን። ካርዴን አወጣሁ።

"ቆይ፣ የሚተኩሰው ማን ነው?" አለ ጀማል።

"እኔ ነኛ።"

"አንተ በስመ አብ ብለህ የገደልከውን እኔ እንዴት እበላለሁ?"

"አንተስ ቢስሚላህ ብለህ የገደልከውን እኔ እንዴት ልበላ ነው?"

በርገር ስገዛ ላሟን ማን አረዳት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ኤልኩ ላይ ግን ክርስትናዬ መጣ።

ሰውየው ምን ሆናችሁ አሉን። ነገሩን ስናስረዳቸው በጥሞና ሰሙንና፣ ሁለተኛ ጠመንጃ አውርደው ከመጀመሪያው ጎን አጋደሙት።

ባዶ እጃችንን ወጣን።

ከሌላ እምነት ጓደኛ ጋር አድናችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደተካፈላችሁ ጻፉልኝ። "እኔ ልተኩስ፣ አንተ ቀንዱን ትወስዳለህ" የሚለውን ሐሳብ ጀማል መኪና ውስጥ ተናግሮ ቀድሟችኋል።