የዳማው ትንፋሽ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ ዝናብ የመታው የኮርቻ ቆዳ ሽታ ድንገት መጣብኝ። መዳፌን አየሁት፤ የዳማው ፈረሳችን ጎን ሙቀት አሁንም ያለበት መሰለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ዳማውን ግን ጋሪ አላስነካውም። ቱላ ሜዳ ላይ ለሚደረገው የፈረስ ግልቢያ ያሳደገው ነው። ከእሱ በፊት የነበረውን ፈረሳችንን ሳይደርስ አስሮጦት፣ መጨረሻው መስመር ላይ ወድቆ ሞቶበታል።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ገና በዚያው ዓመት፣ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው። ቤታችን ሰዓት ስላልነበረ የዳማውን ትንፋሽ የምለካው በፊደል ሆነ። አባቴ በከተማችን ሐይቅ ዳር ጋልቦት ሲመለስ መዳፌን ጎኑ ላይ አሳርፌ፣ ሳልቸኩል ሳልዘገይ፣ ሀ ሁ ሂ እያልኩ እወርዳለሁ። የፊደል ገበታው ሳያልቅ ትንፋሹ ከረጋ፣ ለሩጫ ደርሷል ማለት ነው።

ግልቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ጎረቤታችን፣ እሱም ጋሪ ነጂ፣ ዳማውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ሳይሆን ሙሽራ ነው! እንዴት ያብረቀርቃል!»

እኔ ገበታውን ጨርሼ እንደገና ጀምሬ ነበር። ጎኑ አሁንም እንደ ወናፍ ይነፋል።

«አልደረሰም» አልኩ።

«ኧረ ባክሽ! ደግሞ ፈረስ በፊደል ሊመዘን ነው?»

«የሚያብረቀርቀው ስቡ ነው። ገብሱ ይቀነስለትና ገና ይሩጥ።»

አባቴ ጢሙን አሻሸና ኮርቻውን አወረደ። «አልደረሰም ካለች አልደረሰም።»

የዚያን እሑድ ቱላ ቆመን የሰው ፈረስ ስናይ ዋልን። ጎረቤታችን ሲያሾፍብን ከረመ። ቀጣዩ ግልቢያ ሲደርስ ግን፣ «ነ» ላይ ስደርስ የዳማው ጎን ጸጥ አለ።

«ደርሷል፣ አባባ። ያስሩጡት።»

አንደኛ ወጣ። ከማሸነፉ ይልቅ ደስ ያለኝ፣ ሰው እልል እያለ ዳማው ሳያለከልክ አንገቱን ደፍቶ ሣር መጋጡ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴ ታመመ። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እያሞቅሁት መዳፌን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየኝ።

«የት ደረስሽ?»

ገበታውን ጨርሼ ሁለተኛውን ዙር አጋምሼ ነበር፤ ትንፋሹ ግን ገና አልረጋም። ዙሩን አልነገርኩትም።

«ነ ላይ ነኝ፣ አባባ።»

ፈገግ አለ። እጁን እጄ ላይ ጫነና፣

«እንግዲያው አትቸኩዪ፤ ቀስ ብለሽ ቁጠሪ» አለኝ።