«ዲማ ሰው አደረገችኝ» ስል የሰማችኝ ልጅ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ጓደኛዬ ከመቱ በመኪና የላከችልኝን በርበሬ ልቀበል ጋምቤላ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ፀሐዩ ገና በማለዳው አናት ይበሳል። ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ ዲማ የሚሄደው መኪና መስኮት ላይ ዓይኔ ሲያርፍ አሪየት ተቀምጣለች።

አሪየት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ሥራዬ ነርስነት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ይፈቅድልንና ሴት ልጆችን ሰብስቤ እመክራለሁ። አሪየት ቀርታ አታውቅም። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የምለውን ሁሉ ትጽፋለች።

«አሪየት፣ ወዴት ነው?»

«ዲማ ነው፣ ሲስተር» አለችኝ ፈገግ ብላ። ደስ የሚለኝ መስሏታል።

«ዘመድ አለሽ እዚያ?»

«የለም። ለወርቅ ሰዎች ምግብ ማብሰል ነው። አንድ ሴትዮ ሥራ አለ አለች።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ሳብ አደረገች። እኔም እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ቦርሳዋን ያዝኩ። «ውረጂ!»

«ሲስተር፣ ለምን ትቆጫለሽ? አንቺ ራስሽ ነሽ ያልሽው» ብላ ደብተሯን አወጣች። ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት... «ዲማ ሰው አደረገችኝ»።

ቦርሳዋን እንደያዝኩ አነበብኩት።

እውነት ነው፣ ብያለሁ። አንዴ ብቻም አይደለም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ዲማ ላይ ሞታብኝ፣ የወርቅ ቆፋሪዎችን ልብስ እያጠብኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ያንን ታሪክ ደግሞ እችልበታለሁ። የት ጋ ቆም እንደምል፣ የት ጋ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ጓደኞቼ «እሷ ማይክ ከያዘች ምሳችሁን በልታችሁ ኑ» ይላሉ። «ዲማ ሰው አደረገችኝ» የምትለዋ ደግሞ ማስጨብጨቢያዬ ናት።

«ሂሳብ ወድቄያለሁ» አለች አሪየት ቀስ ብላ። «ትምህርት እኔን አልፈለገም። አንቺ ግን ዲማ ኖረሽ ነርስ ሆንሽ። እኔም እችላለሁ።»

ረዳቱ በሩን መታ መታ አደረገ። «ሲስተር፣ ትሄዳለች ወይስ ትወርዳለች? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ።»

«አንድ ደቂቃ» አልኩት። በሕይወቴ ወሬ ላሳጥር ያሰብኩት ያኔ ብቻ ነው።

«አሪየት፣ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እዚያ አራት ልጆች ነበርን። አንድ የላስቲክ ቤት ውስጥ ነው የምናድረው። ዘውድነሽ በወባ ሞተች። ሙሉ በአሥራ አራት ዓመቷ በምጥ ሞተች። ጫልቱ ከአንድ ሰውዬ ጋር ሄደች፤ እስከ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። እኔን ሰው ያደረገችኝ ዲማ አይደለችም። አንዲት ነርስ ናት። ሙሉን ልታዋልድ መጥታ ነበር፤ ሳይሆንላት ሲቀር እኔን እጄን ይዛ ጋምቤላ አመጣችኝ። ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት።»

ስማቸውን ሰው ፊት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፀጥ ብሎ ይሰማል... ያጨበጨበ የለም።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ።

«ስለሚያመኝ» አልኳት። ከዚያ እውነቱን ጨመርኩ። «ደግሞ ታሪኬን ያበላሽብኛል ብዬ።»

ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ ቦርሳዋን ለቀቀችልኝና ወረደች። መኪናውም ሄደ፤ እኔ ግን መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ክንዷን አልለቀቅኩም። ምን ይታወቃል።

እናቷ ዘንድ ላደርሳት ባጃጅ ይዘን ስንሄድ «ሂሳቡስ?» አለችኝ።

«ሂሳብ እኔም አልችልም። ላብራቶሪ የሚሠራው ባልደረባዬ ግን ይችላል። ከሰኞ ጀምሮ ያስጠናሻል።»

«እሺ አለ?»

«ገና አልነገርኩትም። ግን እሺ ይላል።»

ሳቀች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ትናንት ቅዳሜ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች። እንደ ልማዴ ታሪኬን ልጀምርላት ጉሮሮዬን ስጠርግ አሪየት ቀደመችኝ። ወደ ልጅቷ ዞር ብላ፣ «መጀመሪያ አራት ነበሩ» አለቻት። ከዚያ ሦስቱንም በየስማቸው ጠራቻቸው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አዳመጥኩ... ከእኔ በደንብ ነው የምትተርከው።